ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ
(ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት ምርጫ አጭር የታሪክ ማስታወሻ)

ነገሩ የተጀመረው ናዝሬት ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ካለ አንድ ሻይ ቤት ነው። ለዕረፍት ከየቦታው የተሰባሰብን ነን፤ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከሻሸመኔ። ከመካከላችን አንዱ አባቱ መልካሳ አካባቢ ማሽላ ይዘራሉ። ወፍ አላስቀምጥ ስላላቸው ልጁ የአየር ጠመንጃ ሊገዛላቸው አስቧል። ታዲያ የቸገረው ገንዘቡ አይደለም፤ ምርጫው ነው። የአየር ጠመንጃ በብዛት የሚሠራው በሁለት ዓይነት አፈሙዝ ነው፤ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትርና ባለ 5.5። የቱ ይሻላል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ግማሾቻችን «4.5 ነው እንጂ! እርሳሷ ቀላል ናት፣ ትፈጥናለች፣ ሳትጎብጥ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ በኦሎምፒክ የ10 ሜትር ውድድር የሚተኮሰውም እሱ ነው» አልን። የቀረነው ደግሞ «ፍጥነት ብቻውን ምን ይሠራል? 5.5 ከባድ ነው፣ ያረፈበትን ይጥላል» ብለን ተሟገትን። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን። ከጎናችን ካለው አግዳሚ ላይ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን ጋዜጣቸውን አጠፉና «ልጆቼ፣ የሁለታችሁንም ሰማሁ። ለመሆኑ እርሳሱ ሲያልቅ ከየት ነው የምትገዙት?» አሉን።

ዝም አልን። ማናችንም አላሰብንበትም ነበርና።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አለ ባለ ማሽላው ጓደኛችን። እሳቸውም ሳቅ ብለው «ይኼ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ አገርም እንዲሁ ሲል ነው የኖረው» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። ይህ ጽሑፍ የዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውጤት ነው። ወደ ግቢ ስንመለስ «አገርም እንዲሁ ሲል ኖረ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሞከርን። አንባቢ ሆይ፣ ካለፈ በኋላ መፍረድ ቀላል መሆኑን አንረሳም፤ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ እንዳንሆን እየፈራን ነው የምንጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት ጥቂት እንበል። ሰው ጠመንጃ ሲመርጥ ዓይኑ የሚያርፈው በብረቱ ላይ ነው፤ በሰደፉ፣ በአፈሙዙ፣ በምላጩ። ግን ጠመንጃ ብቻውን ዱላ ነው። ጠመንጃ የሚያደርገው ጥይቱ ነው፤ ጥይቱን የሚያመጣው ደግሞ መንገዱ፣ ገበያውና ፋብሪካው ነው። ለዚህ የአየር ጠመንጃ ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ የኦስትሪያ ሠራዊት ጂራንዶኒ የተባለ ሰው የሠራውን የአየር ጠመንጃ አስታጥቆ ነበር። ጭስ የለውም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሌላው ወታደር አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ ይኸኛው ሃያ ያህል እርሳስ በተከታታይ ይተኩሳል። በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አየሩ የሚታመቅበት ቋት ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ በፓምፕ መነፋት ነበረበት፤ ቋቱም ያፈስሳል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ልዩ ባለሙያ ነው። ጦርነት ደግሞ ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቅም። በመጨረሻ ከሠራዊቱ ወጣ። ከእርሱ ያነሱት ተራ የባሩድ ጠመንጃዎች ግን ቀጠሉ፤ ባሩድና እርሳስ በየትም ይገኝ ነበርና።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ብረት የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እስከ መቅደላ አስጎተቱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገጥሙ ግን ልዩነቱን የፈጠረው ትልቁ መድፍ አልነበረም። የእንግሊዝ እግረኛ ስናይደር ይዞ ነበር፤ ከኋላ የሚጎርስ፣ ቀለሁና ባሩዱ አንድ ላይ የተበጀ። የቴዎድሮስ ወታደር ባሩዱን በአፈሙዝ ጨምሮ፣ እርሳሱን ጠቅጥቆ፣ አንድ እስኪተኩስ ድረስ ስናይደር የያዘው ብዙ ጊዜ ይተኩስ ነበር። ከኢትዮጵያውያን በኩል ብዙ መቶ ሰው ሲያልቅ ከእንግሊዝ በኩል የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ሕዝቡም ጠመንጃውን አልረሳውም፤ «ስናድር» ብሎ በቋንቋው አስገባው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሳኙ ጥያቄ «ስንት ጠመንጃ አለ?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ዓይነት ጠመንጃ?» ሆነ።

ቀጣዩ ትምህርት ከግብፅ መጣ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራ ላይ ሲሸነፍ ብዙ ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ምርኮ መልካም ነው፤ በነፃ የተገኘ ጠመንጃ ማን ይጠላል? ነገር ግን ምርኮ ምርጫ አይደለም። የማረከ ሰው የሚታጠቀው ጠላቱ የመረጠውን ነው። ጥይቱም ባለቀ ጊዜ ተመልሶ የሚሄደው ወደዚያው ጥይት ወደሚሸጥ ገበያ ነው።

ገበያው ደግሞ በእኛ መንደር በኩል ነበር ያለፈው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይፈልጋሉ፤ የፈረንሳይ ነጋዴዎች ከታጁራና ከኦቦክ በግመል ይጭናሉ፤ ቅፍለቱም የአፋርን በረሃ ቆርጦ አዋሽን እየተሻገረ ይመጣል። ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ግጥም መጻፉን ትቶ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። በ1879 ዓ.ም. ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ ሸዋ አደረሰ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው ባለ ካፕሱል ብረቶች ነበሩ። ራምቦ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ሒሳቡን አጣርቶ በምንጃር በኩል አዋሽን ተሻግሮ በጨርጨር አድርጎ ወደ ሐረር ሄደ። ዛሬ ከናዝሬት ወደ አዋሽና ወደ ጨርጨር ስንሳፈር ከምናቋርጠው አገር ያ አሮጌ የጠመንጃ መንገድ ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ምኒልክ ጊዜ ያለፈበት ጠመንጃ ለምን ገዙ? አላወቁም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸው ጉጉት በጊዜው በነበሩ እንግዶች ሁሉ ተመስክሮላቸዋል። ነገሩ ሻጩ ያመጣውን መግዛት እንጂ የፈለጉትን ማዘዝ ብዙ ጊዜ አለመቻሉ ነበር። ለዚህ ነው ከሁሉም በር የሞከሩት። ከኢጣልያ ጋር በ1880 ዓ.ም. የተደረገው ውል 5000 ሬሚንግተን የሚያስገኝ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት የውጫሌን ውል እንዲያጸኑለት 2 ሚሊዮን ጥይት ላከላቸው። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ ውሉን አፈረሱ። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሳቁ ይቆየንና፣ ከሁሉ ነገር ለይቶ ጥይት መላኩ ምን ይነግረናል? ኢጣልያ የጠመንጃው ቁልፍ የት እንዳለ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አካባቢ ሳንናገር ብናልፍ ታማኝ ታሪክ ጸሐፊ አንባልም። እነዚያ በአዋሽ ማዶ ያለፉ ጠመንጃዎች መጀመሪያ የተተኮሱት በባዕድ ወራሪ ላይ ብቻ አይደለም። ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. ድረስ የአርሲ ኦሮሞ የሸዋን ጦር በጦርና በጋሻ፣ በፈረስ ተቋቋመ። ብዙ ጊዜም መለሰው። በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ አዙሌ ላይ ግን በራስ ዳርጌ የተመራው ባለ ጠመንጃ ጦር አሸነፈ፤ ሜዳው ላይ የቀረው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። የአርሲው ፈረሰኛ በጀግንነት አላነሰም። ያነሰው በአንድ ነገር ነው፤ የጠመንጃ ገበያ በእርሱ ደጅ ያልፋል፣ ለእርሱ ግን አይሸጥለትም። ስለዚህ አንድ ያገራችን ሰው የአድዋን ጠመንጃ በኩራት ሲያነሣ፣ ሌላው ያንኑ ጠመንጃ በሐዘን ሊያነሣው ይችላል። ብረቱ አንድ ነው። ሁለቱም ትዝታ እውነት ነው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም እንላለን።

ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ገበያ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ሌበል የተባለውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ሠራች፤ ባሩዱ ጭስ አልባ ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። ጥይቱ ቀጠነ፣ ፈጠነ፣ ክብደቱ ቀነሰ፤ ወታደሩ በዚያው ሸክም ብዙ ጥይት ይይዛል፤ ሲተኩስም ጭሱ ቦታውን አያጋልጠውም። ይህ ለአውሮፓ ዕድገት ነው። የተጣለው አሮጌ ብረትስ የት ይሂድ? የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ፣ አንድ አንድ እያለ የሚጎርሰው፣ እርሳሱ ብቻ 25 ግራም የሚመዝነው፣ በርካሽ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። እኛም ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ሲሉት ሰምተን «ውጅግራ» አልነው። ወጨፎ፣ ስናድር፣ ለበን፣ ምንሽር፤ የአባቶቻችን ፉከራ በነዚህ ስሞች የተሞላ ነው። ጥይቱማ ከጠመንጃውም አልፎ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በጥይት ዕቃ የሚገዛ ሰው ጥይቱ እንዳያልቅበት ምን ያህል ይሰስት ይሆን?

አሁን የችግሩ እንብርት ጋ ደረስን። ውጅግራም ባለ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የግብፁ ሬሚንግተንም 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው «እንግዲህ ጥይታቸው አንድ ነው» ይላል። አይደለም። የአንዱ ቀለህ ረጅም ነው፣ የሌላው አጭርና ወፍራም፤ አንዱ ለሌላው አይጎርስም። አንድ ጭፍራ ውስጥ አምስት ዓይነት ጠመንጃ ቢኖር አምስት ዓይነት ጥይት ያስፈልጋል። ጥይት ያለው ጎረቤት ጥይት ላለቀበት ወንድሙ ሊያካፍለው አይችልም።

እንዲህም ሆኖ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ተገኘ። እንዴት? ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ጠላትም በምርጫው መሳሳቱ ነው። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1891 ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር አዲሱን የካርካኖ ጠመንጃ ተቀብላ ነበር። ጥይቱ ከአሮጌው ግማሽ ያህል ቢመዝን ነው። ወደ አፍሪካ ለተላኩት ወታደሮች ግን ባለ 10.35 ሚሊ ሜትሩ አሮጌው ቬተርሊ ተሰጠ። ምክንያቱም የተከማቸው የቬተርሊ ጥይት ይለቅ ተብሎ ነው! ፋብሪካ ያላት አገር፣ መምረጥ የምትችል አገር፣ የመጋዘን ሒሳብ አሸነፋትና ልጆቿን በአሮጌ ብረት ላከች። መምረጥ ያልቻለው ምኒልክ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሰው አስከትሎ መጣ። ጭስ ለጭስ፣ አሮጌ ለአሮጌ ሲጋጠም ብዛት፣ ቦታ ማወቅና ወኔ ወሰኑ።

ከእኛ መካከል አንዱ እዚህ ላይ አላሳለፈንም። «ታዲያ የጥይቱ መደበላለቅ ምን ጎዳ? አሸነፍን አይደለም ወይ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ አድዋ የአንድ ቀን ጦርነት ነበር። ለአንድ ቀን እያንዳንዱ በዝናሩ የያዘው ይበቃል። መደበላለቁ የሚገለጠው ጦርነቱ ወራት ሲፈጅ፣ ዝናሩ ሲራቆትና ከኋላ ጥይት መምጣት ሲኖርበት ነው። ድል ስሕተትን ይሸፍናል፤ አያርመውም።

ስሕተቱ የተገለጠው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ባቡሩ መጣ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በናዝሬትና በሞጆ በኩል። ሠላሳ ግመል የሚሸከመውን አንድ ፉርጎ የሚያመጣበት ዘመን ሆነ። ነገር ግን የሐዲዱ ጫፍ ጅቡቲ ነው፤ የጅቡቲ ቁልፍ ደግሞ በሰው እጅ ነው። በ1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ እንደማይቀር ሲታወቅ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለሁለቱም! ኢጣልያ ጥይቷን ራሷ ትሠራለች፤ ለኢትዮጵያ ግን ክልከላው የጉሮሮ ገመድ ሆነ።

የክብር ዘበኛው በቤልጂጉ ማውዘር፣ ባለ 7.9 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ዓይነት ጥይት ታጥቆ ነበር። እርሱ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ግን ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተጠራው ዘማች አያቱ አድዋ ላይ የተኮሰበትን ውጅግራ ከግድግዳ አውርዶ፣ አርባ ዓመት በዝናር የቆየ ጥይት ይዞ ነው የወጣው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ በነበረበት ሜዳ ጠመንጃ ብቻውን ይወስን ነበር አንልም። ነገር ግን ጥይቱ የማይፈነዳለት ወታደር መርዙ ሳይደርስበትም ግማሽ ተሸንፏል።

ፍርዱ ሚዛን እንዲኖረው የአሸናፊውንም እንይ። ኢጣልያኖች በዚህ ጦርነት ባለ 6.5 ሚሊ ሜትሩ ጥይታቸው ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር እንለውጥ አሉ። ለውጡ ሳያልቅ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ 6.5 ተመለሱ። የተሻለውን ጥይት አግኝተው ነበር፤ ጊዜውን ግን አላገኙም። ከዚህ የምንማረው፣ ጥሩ ጥይት ማለት በሠንጠረዥ ላይ የሚበልጠው ሳይሆን በጨነቀ ቀን በእጅ ያለው መሆኑን ነው።

እኛስ ከዚያ በኋላ ተማርን ወይ? ከነፃነት በኋላ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነበር። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመና ኤም-1 መጣ፤ ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ቀለሁ 63 ሚሊ ሜትር የሚረዝም። አንድ ትውልድ ወታደር በእርሱ ሠለጠነ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ያለው ወታደራዊ ግንኙነት ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ሠራዊቱም ጦርነት ላይ እያለ ወደ ሶቪየት መሣሪያ መዞር ነበረበት። ክላሽንኮቭ ባለስንት ነው? ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር! ቀለሁ ግን 39 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ጥይቱ ሌላ፤ የውጅግራና የሬሚንግተን ታሪክ ከ80 ዓመት በኋላ ራሱን ደገመ። በመጋቢት 1970 ዓ.ም. ጦርነቱ በድል ቢያልቅም የድሉ ጥይት የተጫነው በሌላ አገር አውሮፕላንና መርከብ ነበር።

እንግዲህ ካለፈ በኋላ ስናየው አባቶቻችንን በምን እንክሰስ? «ለምን አሮጌ ጠመንጃ ገዛችሁ?» ብንላቸው «የተሸጠልንን ነው» ይሉናል፤ ልክ ናቸው። «ለምን አምስት ዓይነት ደባለቃችሁ?» ብንላቸው «አንዱ በር ሲዘጋብን በሌላው እንድንገባ ነው» ይሉናል፤ ይህም ልክ ነው፤ ከአንድ ሻጭ ብቻ የገዛ ሻጩ ባኮረፈ ቀን ባዶ እጁን ይቀራልና። ልንጠይቃቸው የምንችለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከአድዋ እስከ ማይጨው በነበሩት 40 ዓመታት ቀለህ የሚቀዳበት፣ ባሩድ የሚቀመምበት፣ ለአገር ሁሉ የሚበቃ ሥራ ለምን አልቆመም? ጋፋት ላይ የተጀመረው እጅ ሥራ ለምን ቀረ? ይህ የጠመንጃ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለትራክተሩ መለዋወጫ፣ ለሆስፒታሉ መድኃኒት፣ ይህ መጽሔት ለሚባዛበት ቀለምም ያው ጥያቄ ነው።

ወደ ናዝሬት ሻይ ቤት እንመለስና እንጨርስ። ጓደኛችን በማግስቱ ገበያ ወጥቶ ጠየቀ። የሁለቱንም ዓይነት እርሳስ ሳያቋርጥ የሚያመጣ ሻጭ አላገኘም። ስለዚህ የአየር ጠመንጃውን ተወውና ለአባቱ ማሳ ሦስት ልጆች ቀጠረ። ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። የወንጭፍ ጠጠር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ከአዋሽ ዳር እንደ ልብ ይለቀማል።

እኛ ግን ክርክራችንን አልተውንም። አሁንም በተገናኘን ቁጥር «4.5 ነው»፣ «የለም 5.5 ነው» እንባባላለን። የተለወጠው፣ ከሁሉ በፊት «ጥይቱስ?» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን መገኘቱ ነው።